በቀን ሦስት ጊዜ አሜሪካ፦ በቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ የተነበበ የአንድ ቴሌግራም ቻናል ግምገማ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ከሩብ ሰልፍ የያዘ ሰው ተራው እስኪደርስ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል። ሰልፉ አንዳንድ ቀን ከአደባባዩ ተነሥቶ እስከ ኮንዶሚኒየሙ አጥር ይደርሳል፤ ሃይገር ሲመጣ ተራ አስከባሪው ይጮኻል፣ ሃይገሩ ግማሹን ጭኖ ወደ ቃሊቲ ይነጉዳል፣ የቀረነውም ወደየስልካችን እንመለሳለን። እኔ በዚህ ሰልፍ ላይ ሆኜ ላለፉት ስድስት ወራት ስከታተለው የቆየሁት፣ ከአሜሪካ ታሪክ የተቀነጨቡ ወጎችን፣ የፊልሙንና የሙዚቃውን ዓለም ወሬዎች እንዲሁም የዕለት ተዕለት ኑሮ ቀልዶችን በአማርኛ የሚያቀርብ አንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። ስድስት ወር ለአንድ አገልግሎት ፍርድ ለመስጠት በቂ ጊዜ ስለመሰለኝ ይህን ግምገማ ጽፌያለሁ።

የቻናሉን ስም አልጠቅስም። የሚያዘጋጁት ወጣቶች ናቸው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ግድፈቶችም የእነሱን ስም ለማጉደፍ እንዲውሉ አልሻም። ከዚያ በተረፈ የምጽፈውን ሁሉ ከራሴ ገንዘብ ከፍዬ፣ ከራሴ ስልክ አንብቤ ያገኘሁት ነው። በሙያዬ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ፣ ሌላው አንባቢ ዓይቶ እንዳላየ በሚያልፈው ስሕተት ላይ ቆሜ ልነጫነጭ እንደምችል ግን አስቀድሜ እናገራለሁ።

አገልግሎቱ በቀን ሦስት ጽሑፍ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከአሜሪካ ታሪክ አንድ ክስተት ይቀርባል፤ ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ የምሳ ሰዓትን ጠብቆ፣ ከፊልም፣ ከሙዚቃ፣ ከልብስ ወይም ከምግብ ጋር የተያያዘ ወሬ ይመጣል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ቀልድ ይላካል። ጽሑፎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው። በወር 50 ብር በቴሌብር የሚከፍል አባል ግን የጠዋቱን ታሪክ ሰፋ ባለ የድምፅ ትረካ ያገኛል፤ ጥያቄ ቢጽፍም በማግስቱ መልስ ይሰጠዋል። ትረካው ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ በዕለታዊ የኢንተርኔት ጥቅል የሚኖረውን ሰው ኪስም አይጎዳም። ምስሎቹ ከሚገባው በላይ ከባድ በመሆናቸው፣ ኔትወርክ ቶሎ በሚደክምበት በእኛ ሰፈር ሳይከፈቱ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ገንዘብ አውጥቼ አባል የሆንኩት ስለ ሌቪታውን በቀረበ አንድ የማለዳ ጽሑፍ የተነሣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች ትዳር ይዘው መኖሪያ ባጡበት ወቅት፣ የሌቪት ቤተሰብ የግንባታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1947 ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ በሎንግ አይላንድ በነበረ የድንች እርሻ ላይ አንድ ዓይነት ቅርፅ ያላቸውን ትንንሽ ቤቶች መደርደር ጀመረ። ጽሑፉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አንብቤ አልፈው ነበር። እሱ ግን ቀጥሎ ቤቶቹ በዚያ ፍጥነት ሊሠሩ የቻሉበትን ምሥጢር ያስረዳል። በመኪና ፋብሪካ ሠራተኛው በቦታው ቆሞ መኪናው ወደ እሱ ይመጣል፤ በሌቪታውን ግን ቤቱ በቦታው ቆሞ የሚንቀሳቀሰው ሠራተኛው ነበር። ሥራው ወደ 27 ደረጃ ተከፋፍሎ፣ አንዱ ቡድን መሠረት ብቻ እያወጣ፣ ሌላው ቀለም ብቻ እየቀባ ከቤት ወደ ቤት ይዛወር ነበር፤ ግንባታው በተሟሟቀበት ጊዜ በቀን 30 ያህል ቤት ይጠናቀቅ እንደነበር፣ እስከ 1951 ድረስም ከ17 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች እንደቆሙ ጽሑፉ ያትታል።

ይህን ያነበብኩት ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ፣ በግድግዳቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር ካልሆነ በቀር በምንም በማይለያዩ ብሎኮች መካከል አልፌ ሰልፍ በያዝኩበት ማለዳ ነው። ባለፈው ዓመት ሊጠይቀኝ የመጣ ዘመዴ ብሎክ ተሳስቶ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ቤት ቁጭ ብሎ ቡና ከጠጣ በኋላ ነው የእኔን በር ያገኘው። ስለዚህ ሌቪታውን ለእኔ ሩቅ አገር አልሆነብኝም። ከሁሉም ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ጽሑፉ መጥፎውን ገጽ ያልሸሸገ መሆኑ ነው፤ በመጀመሪያው የኪራይ ውል ውስጥ ቤቱን ከነጭ ዘር ውጪ ሌላ ሰው እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያሉ ክልከላዎችን ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሟቸው እንደማይችሉ ቢወስንም፣ ድርጅቱ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ለጥቁሮች ቤት አልሸጥም ማለቱን ቀጥሏል። ይህን ሁሉ በአንድ የስልክ ገጽ ማስቀመጥ ቀላል ችሎታ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቡና ጠሩኝና ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸው ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት በዚህ አካባቢ ጤፍ ሲታጨድ ያዩ፣ አሁንም ቢሆን ዝናብ ሲዘገይ ስለ አዝመራ የሚጨነቁ እናት ናቸው። ፈንዲሻውን ወደ እኔ እየገፉ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ይሁን እንግዲህ፤ ያ ድንች ሲዘራ የነበረው ገበሬስ የት ገባ፣ መምህር?» ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉ ስለ ገበሬው ምንም አልተናገረም ነበር። የአባልነት መብቴን ተጠቅሜ ጥያቄውን ቃል በቃል ላክሁት፤ በማግስቱም መልስ መጣ። በዚያን ዘመን የድንቹን ሥር የሚያጠቃ ረቂቅ ትል በሎንግ አይላንድ እርሻዎች ላይ ተዛምቶ ስለነበር ብዙ ገበሬዎች መሬታቸውን ለመሸጥ ዝግጁ ሆነው ተገኝተዋል የሚል ነበር። መልሱን ለጎረቤቴ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው የሸጠው ትሉ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቶናውን እያፈሰሱ፣ «እዚህ ትልም አልነበረ» አሉና ዝም አሉ። ሰው ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት አገልግሎት በአገራችን ስንት አለ? ለ50 ብር ይህ ብቻውን ይበቃኛል ብዬ ነበር በዚያ ሰሞን።

የጌቲስበርጉም ጽሑፍ እንዲሁ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1863 በጌቲስበርግ የጦር ሜዳ መካነ መቃብር ሲመረቅ፣ የዕለቱ ዋና ተናጋሪ የነበሩት ኤድዋርድ ኤቨረት ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ፤ ከእሳቸው ቀጥለው የተነሡት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ግን 270 በሚያህሉ ቃላት፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ ጨረሱ። ዛሬ ትምህርት ቤት የሚጠናው የሁለት ደቂቃው ነው። የወረዳ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ቁም ነገሩ ይገባዋል። የሚያስቀው ግን ስለዚህ የሁለት ደቂቃ ንግግር የተዘጋጀው የድምፅ ትረካ ዘጠኝ ደቂቃ መፍጀቱ ነው።

ወደ ግድፈቶቹ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝም የቀን አቆጣጠሩ ነው። አዘጋጆቹ አንባቢን ለመርዳት ብለው ከአውሮፓውያኑ ዓመት ጎን የእኛን ያስቀምጣሉ፤ ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ወሩ ምንም ይሁን ምን ሁልጊዜ 8 ይቀንሳሉ። በዚህ የተነሣ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲን መገደል በ1955 ዓ.ም. የሆነ አድርገው አቀረቡ። ኬኔዲ የተገደሉት እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 ሲሆን፣ ከመስከረም ወዲያ በመሆኑ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ይሆናል። «አንድ ዓመት ምን ያመጣል?» የሚል ቢኖር፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተመሠረተው በግንቦት 1955 መሆኑን ያስታውስ። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፤ በእኛ ግን በመካከላቸው ዘመን ተለውጧል፣ ዕንቁጣጣሽ አልፏል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 መስከረም ዋሽንግተን ላይ ኬኔዲን ሲያገኟቸው፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ለቀብራቸው ሲመለሱ ሁለቱም ጉዞ በአንድ ኢትዮጵያዊ ዓመት ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ በሬዲዮ የሰሙ አረጋውያን ዛሬም በሕይወት ስላሉ፣ ስሕተቱን ከእኔ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ስለ አሜሪካ የነፃነት ቀን የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ረቀቅ ያለ ስሕተት አለበት፤ እዚህ ላይ የመምህርነት አባዜዬ ቢታይብኝ አንባቢ ይታገሠኝ። የነፃነት መግለጫው የጸደቀው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1776 ነው። ቻናሉ ይህን «ሰኔ 27 ቀን 1768 ዓ.ም.» ብሎ ለወጠው። ዛሬ የአውሮፓውያን ሐምሌ 4 በእኛ ሰኔ 27 ላይ መዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ አቆጣጠር ከጥንቱ ከጁልያን አቆጣጠር ጋር እኩል የሚሄድ በመሆኑ፣ ከጎርጎርዮሳዊው ጋር ያለው ልዩነት በየዘመኑ እየሰፋ መጥቷል፤ በሁለቱ የአውሮፓ አቆጣጠሮች መካከል ዛሬ 13 ቀን የሆነው ልዩነት በ1776 ገና 11 ቀን ነበር። ስለዚህ በዚያች ዕለት ጎንደር ውስጥ የነበረ ጸሐፊ ቀኑን ቢመዘግብ ኖሮ ሰኔ 29 ብሎ ነበር የሚጽፈው። በዚያ ላይ ኮንግረሱ ለነፃነት ድምፅ የሰጠው ከሁለት ቀን በፊት፣ ሐምሌ 2 ቀን ነው፤ አብዛኞቹ ተወካዮች የፈረሙበትም ነሐሴ 2 ቀን ነው። ጆን አዳምስ ትውልድ ሁሉ የሚያከብረው ሐምሌ 2ን እንደሚሆን ለሚስታቸው ጽፈው ነበር፤ ግምታቸው ከሸፈና እሳቸውም ሆኑ ቶማስ ጀፈርሰን መግለጫው 50 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ሐምሌ 4 ቀን 1826 አረፉ። ይህን የመጨረሻውን ቻናሉ በሚገባ ተርኮታል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ እነዚሁ ወጣቶች ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ልደት ያቀረቡት ጽሑፍ እጅግ የተዋጣለት መሆኑ ነው። ዋሽንግተን ሲወለዱ ቀኑ የካቲት 11 ቀን 1731 ነበር፤ አሁን የሚታወቁት ግን በየካቲት 22 ቀን 1732 ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ አልተወለዱም። ብሪታንያና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ፣ መስከረም 2 ቀን የተኛ ሰው በማግስቱ የነቃው መስከረም 14 ቀን ነበር፤ በተጨማሪም እስከዚያ ድረስ አዲሱ ዓመት የሚጀምረው በመጋቢት 25 ስለነበር፣ የየካቲት ልጅ በአሮጌው ዓመት ይመዘገብ ነበር። አሜሪካም አንድ ጊዜ እንደ እኛ የራሷ ዕንቁጣጣሽ ነበራት ማለት ነው። «እናንተ ኢትዮጵያውያን ለምን ወደ ኋላ ቀራችሁ?» ለሚል የውጭ እንግዳ መልስ አጥቶ ለሚንተባተብ ሰው ይህ ጽሑፍ ስንቅ ነው። ይህን ያህል የሚያውቁ ልጆች ለምን በየቀኑ 8 ይቀንሳሉ የሚለውን እስካሁን አልተረዳሁትም።

ከሁሉ የከፋው ግን የወንበሩ ነገር ነው።

አንድ ማለዳ ቻናሉ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚል ርእስ የሚከተለውን አወጣ፦ አፄ ምኒልክ በአሜሪካ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ስለሚገደሉበት የኤሌክትሪክ ወንበር ሰምተው ሦስት አዘዙ፤ ወንበሮቹ ሲደርሱ በአገሪቱ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ ታወቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ብልህ ስለነበሩ አንዱን ዙፋን አደረጉት። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። እኔ ግን ሃይገር ውስጥ ተጨናንቄ ቆሜ ሳለ ደሜ ፈላ።

ይህ ወሬ በእንግሊዝኛ የአስገራሚ ወጎች መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ አስርት ዓመታት ሲዞር የኖረ ተረት ነው፤ ከዘመኑ የተገኘ ሰነድ አይደግፈውም። ለማመዛዘንም ብዙ ምርምር አይጠይቅም። በኤሌክትሪክ ወንበር የመጀመሪያው ሰው የተገደለው በኒው ዮርክ ግዛት፣ በኦበርን ወህኒ ቤት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1890 ነው። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ከደፉ ያን ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ አዲስ አበባም ገና በመቆርቆር ላይ ያለች ሠፈር ነበረች። ታሪኩ የሚያስቀው ንጉሡ የሚያዙትን ዕቃ አሠራር የማያውቁ ሞኝ ሆነው ሲቀርቡ ብቻ ነው። ስልክን፣ ባቡርን፣ የውሃ ቧንቧን ወደ አገሩ ያስገባ፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ ብልት ፈታትቶ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ሲሳል ያሳዝናል። ሌላው ሰው በእኛ ላይ ለመሳቅ የፈጠረውን ተረት፣ የአሜሪካ ታሪክ ነው ብለን በአማርኛ ተርጉመን እርስ በርሳችን ስንላላከው ደግሞ ከማሳዘንም ያልፋል።

ወዲያው ጻፍኩላቸው። ጨዋ መልስ ሰጡኝ፦ «መምህር፣ በጣም እናመሰግናለን፤ ከእንግሊዝኛ ምንጭ ያገኘነው ነበር፣ እናጣራለን።» ከአራት ቀን በኋላም ማስተካከያ አወጡ። ይሁንና ማስተካከያው ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ደግሞ እንዳለ ቀርቷል። ልጄ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ተሰራጭቶ ደርሶኛል። የሚገርመው ቻናሉ እንዲህ ያለውን ተረት ማፍረስ የማይችል ሆኖ አይደለም። የዋሽንግተን ሰው ሠራሽ ጥርስ ከእንጨት ተሠርቶ ነበር የሚለውን የታወቀ ወሬ አፍርሶ፣ ጥርሶቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከብረትና ከሰው ጥርስ እንደተሠሩ፣ በ1784 የሒሳብ መዝገባቸው ላይም ከጥቁሮች ለተወሰዱ 9 ጥርሶች የተከፈለ ገንዘብ መመዝገቡን የነገረን እሱው ነው። ለዋሽንግተን ጥርስ የተደረገው ምርመራ ለምኒልክ ወንበር ለምን አልተደረገም?

ምኒልክንና አሜሪካን የሚያገናኝ ወግ ከተፈለገ እውነተኛው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በማርሴይ ቆንስላቸው የነበሩትን ሮበርት ስኪነርን ልከው፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የንግድ ውል ተፈርሟል። የአላስካም አለ፦ አሜሪካ ያን ሰፊ ምድር ከሩስያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ገዝታ በጥቅምት 1867 ስትረከብ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀምረው ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ቻናሉ ራሱ ያቀረበው የጆን ሮቢንሰን ታሪክ ይበልጥብኛል። ከቺካጎ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ የገባው፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ትንሹን የአገራችንን አየር ኃይል የመራው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አርፎ በጉለሌ ተቀብሯል። ጽሑፉን ካነበብኩ በኋላ ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው፤ ከ48ቱ አንድም የሚያውቀው አልነበረም።

የቀኑን ጽሑፍ በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ። አብዛኛው ማን ከማን ተፋታ፣ ማን ስንት ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው የሚል ነው፤ በማግስቱ አይታወስም። አልፎ አልፎ ግን ጥሩ ይገኝበታል። የጂንስ ሱሪ ኪስ ላይ ያሉት የመዳብ ምስማሮች ጌጥ እንዳልሆኑ፣ ጄኮብ ዴቪስ የተባለ የሬኖ ከተማ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ኪስ ቶሎ እንዳይቀደድ የፈጠራቸው መሆናቸውን፣ ከጨርቅ አቅራቢው ከሊቫይ ስትራውስ ጋር በ1873 የፈጠራ መብት እንደተሰጠበት ካነበብኩ ወዲህ ሳልቫጅ ተራ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ኪስ ኪሱን ነው የሚያየው።

የሆሊውድ ምልክት ነገርም እንዲሁ። በሎስ አንጀለስ ተራራ ላይ የቆሙት እነዚያ ግዙፍ ነጭ ፊደላት በ1923 ሲተከሉ ከፊልም ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም፤ «ሆሊውድላንድ» ለተባለ የመኖሪያ ቤቶች ሽያጭ የተሠራ ማስታወቂያ ነበሩ። ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ እንዲያገለግሉ ታስበው ሳለ እዚያው ቀሩ፤ «ላንድ» የሚለው ቅጥያ የተነሣው በ1949 ነው። ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከገላን እስከ ሰበታ በመንገዱ ዳር የሪል እስቴት ሰሌዳ እያየ የሚመላለስ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ቤቱ ሳይጀመር ሰሌዳው ፀሐይ መትቶት ሲደበዝዝ ያየን፣ የእኛስ ምልክት የቱ ሆኖ ይቀር ይሆን እንላለን።

የማታው ቀልድ በጥቅሉ አይሳካለትም፤ ምክንያቱን ግን መመርመር ይገባል። አሜሪካውያን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስታውሱት ቀልድ «ዶሮዋ ለምን መንገዱን ተሻገረች? ወደ ማዶ ለመድረስ» የሚለው ነው፤ በ1847 በኒው ዮርክ መጽሔት ላይ ታትሞ ይገኛል። ሳቁ ያለው ሰሚው ብልሃት ያለበት መልስ ሲጠብቅ ተራ መልስ በማግኘቱ ላይ ነው። ቻናሉ ይህን ሳያስረዳ ተርጉሞ ብቻ ላከው። ጥያቄውን ለትንሿ ልጄ ሳነብላት መልሱን ሳትጠብቅ «ፋሲካ ደርሶ ነዋ!» አለችኝ። ከዋናው ትበልጣለች።

ከዚያ የባሰው የበር ማንኳኳቱ ቀልድ ነው። «ኳ ኳ!» «ማነው?» «ሰላጣ።» «የምን ሰላጣ?» «አስገቡን፣ ውጪ ብርድ ነው!» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ምን ይበል? በእንግሊዝኛ የሰላጣው ስም «ፍቀዱልን» ከሚል ንግግር ጋር በድምፅ ስለሚገጥም ነው የሚያስቀው፤ በአማርኛ ግን ሰላጣ ሰላጣ ነው። አዘጋጆቹ ያላስተዋሉት ነገር፣ እኛም እንዲህ ያለ የቅብብሎሽ ጨዋታ ያለን መሆናችንን ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ» ተብሎ የሚጀመረው፣ መላሹ ሲሸነፍ «አገር ስጠኝ» የሚባልበት ጨዋታ ከዚያ በምን ያንሳል? ደጅ አንኳኪው ቀልድ ሁለተኛውን ሰው በግድ እንደሚያናግር ሁሉ፣ እንቆቅልሽም ዝም ብሎ የሚያዳምጥ አይወድም። የአሜሪካኑን በእኛው ወንዝ ቢያሻግሩት ኖሮ ሕይወት ያገኝ ነበር። እንዲሁም ማርክ ትዌይን ያልተናገሩትን ሁሉ እንደተናገሩ ተደርጎ በስማቸው ሲጠቀስ፣ እኛ ደግሞ አባቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ የአለቃ ገብረ ሐና ነው እንላለን። ይህን ያህል ቅርበት እያለ ቃል በቃል መተርጎም ጉልበት ማባከን ነው።

አዘጋጆቹ ከራሳቸው ሰፈር ሲጽፉ ግን ሌላ ሰዎች ይመስላሉ። ባለፈው ወር የወጣውን አንዱን እጠቅሳለሁ፦ «ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታችን በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለጸሎት ስለሚነሡ ሰፈሩ ሁሉ ያከብራቸው ነበር። ውሃ በቀን መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን እስከ ረፋድ ይተኛሉ።» በእኛ ብሎክ ይህ ቀልድ በአንድ ሌሊት ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ደርሷል። ሌሊት ጀሪካን ሲንኳኳ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ላያስቅ ይችላል፤ ለእኛ ግን ይበቃናል። እንዲህ ያለው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ሲመጣ፣ የቀሩት ስድስት ምሽቶች በሰላጣና በዶሮ ያልፋሉ። ከቀልዱ ሥር ተለጥፎ የሚመጣው የውርርድ ማስታወቂያም ለልጆች ቤት አይሆንም።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልጨምር። አማርኛቸው በአመዛኙ ንጹሕ ነው፣ ዓረፍተ ነገራቸውም አይሰበርም። የሰው ስም ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ሊንከን፣ ሊንኮልን እና ሊንከልን ሆነው የቀረቡት ሦስት ሰዎች የመሰሉት አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። የአሜሪካን አስተዳደር ክፍሎች አንድ ቀን «ግዛት»፣ ሌላ ቀን «ክልል» ማለታቸውም ደግ አይደለም፤ «ክልል» ባሉበት ቀን ሰዎች ታሪኩን ትተው ስለ ሌላ ጉዳይ ይከራከራሉ።

የማታውን መልእክት የማስታወቂያ ድምፅ አጥፍቼዋለሁ፤ የቀኑን ጊዜ ሳገኝ አያለሁ፤ የማለዳው ግን ሰልፍ ላይ ሆኜ ካላነበብኩት ቀኑ የጎደለ ይመስለኛል። ባለፈው ሰኞ የክፍያዬ ጊዜ ማለቁን ሲያሳውቁኝ የሦስት ወሩን በአንድ ላይ ከፈልኩ። ከደረሰኙ ጋር የጻፍኩላቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከመስከረም ጀምሮ እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት ማለቂያ ላለው 7 ቀንሱ፤ ወንበሩን አጥፉ። ለመጀመሪያው «እሺ መምህር» ብለውኛል። ወንበሩ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ እዚያው አለ።